ጭሰኛው የስኪ አባት፦ የሶንድሬ ኖርሃይም ሕይወት

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያጋባው በቆዳ ምራን ነው። ምራኑ ሁለቱን እንጨቶች አጥብቆ ይይዛል፤ በሬዎቹ ሲዞሩ ደግሞ መላወሻ ይሰጣል። ከልክ በላይ የጠበቀ ማሠሪያ እንጨት ይሰብራል፤ የላላ ማሠሪያ የበሬውን ጉልበት ያባክናል። የገበሬው ጥበብ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማወቁ ነው።

ከ160 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከኢትዮጵያ እጅግ ርቃ በምትገኘው በሰሜን አውሮፓዊቷ ኖርዌይ፣ መሬት የሌለው አንድ ጭሰኛ ይህንኑ ልክ ለገዛ እግሩ ሲፈልግ ኖረ። ሊያጋባ የፈለገው ጫማውን በበረዶ ላይ ከሚንሸራተት ጣውላ ጋር ነበር። ሶንድሬ ኖርሃይም የተባለው ይህ ሰው ዛሬ በመላው ዓለም የዘመናዊ ስኪ አባት ተብሎ ይጠራል። ጥበቡ ለሌሎች ክብርና ሀብት ሲያስገኝ እርሱ ግን ልጆቹን በወጉ የሚያሳድርበት ማሳ ሳያገኝ ተሰደደ፤ በባዕድ አገርም ሞቶ መቃብሩ ለብዙ ዓመታት ስም አልነበረውም።

ትውልድና ኑሮ

ሶንድሬ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1825 በኖርዌይ ቴሌማርክ ክፍለ ሀገር፣ ሞርጌዳል በተባለ ሸለቆ ውስጥ በምትገኝ ኦቨርቦ በምትባል ትንሽ የጭሰኛ ጎጆ ነው። በዚያን ዘመን የኖርዌይ ጭሰኛ በባለርስቱ መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ጥቂት ገብስና ድንች ዘርቶ፣ በምላሹ ለባለርስቱ ጉልበቱን ይገብር ነበር። በኢትዮጵያ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከመታወጁ በፊት የነበረውን ሥርዓት የሚያስታውሱ የሸዋ አዛውንቶች የዚህን ኑሮ ትርጉም ለመረዳት አይቸገሩም።

ሶንድሬ በተወለደ ወር ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1825፣ ሬስታውራስዮን የምትባል ትንሽ መርከብ ኖርዌያውያን ስደተኞችን ጭና ስታቫንገር ከተባለው ወደብ ወደ አሜሪካ ተነሣች። ይህች መርከብ የኖርዌያውያን የተደራጀ ስደት መጀመሪያ ተደርጋ ትቆጠራለች። በሚቀጥሉት 100 ዓመታት ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰዎች ተከተሏት። ሕፃኑ ሶንድሬም የኋላ ኋላ ከእነርሱ አንዱ ሆነ።

ሶንድሬ ካደገ በኋላ ማረስና የአናጺ ሥራ መሥራት ያዘ። ምሳርና ቢላ በእጁ ላይ የረቀቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1854 ራንኔይ የምትባል ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። ቤተሰቡ የራሱ ርስት ስላልነበረው ከአንዱ የጭሰኛ ይዞታ ወደ ሌላው ተዘዋውሯል። ኖርሃይም የሚለው መጠሪያውም ከኖረባቸው ቦታዎች የአንዱ ስም ነው።

በረዶ፣ ጣውላና እግር

በኖርዌይ ክረምት የሚወርደው በረዶ በጄልዱና በደንዲ ከፍታዎች በጥቁር ክረምት እንደሚዘንበው ጠጣር በረዶ አይደለም። እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ለወራትም ሳይቀልጥ ምድርን ይሸፍናል። በባዶ ጫማ የሚሄድ ሰው እስከ ጉልበቱ፣ አንዳንዴም እስከ ወገቡ ይሰጥማል። ስለዚህ የሰሜን ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ረጅምና ስስ ጣውላ ከእግራቸው በታች እያሰሩ ክብደታቸውን በሰፊ ቦታ ላይ ማሳረፍን ተምረዋል። ስኪ ማለት ይህ ጣውላ ነው። እንጨት ለመልቀም፣ ለአደን፣ ጎረቤት ለመጠየቅና ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ያገለግል ነበር።

በሶንድሬ የልጅነት ዘመን ብዙው ስኪ የሚታሰረው በጫማው ጣት በኩል ብቻ ነበር። የጣውላው መሐል ወፈር ተደርጎ ይተውና ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያሻግር ቀዳዳ ይበሳል፤ በቀዳዳው ውስጥ ጠፍር ያልፋል፤ ጠፍሩም የጫማውን ጣት ይይዛል። ተረከዝ ፈጽሞ ነጻ ነው። ይህ አሠራር በሜዳ ላይ ለመጓዝ ይበቃል። በቁልቁለት ሲወርዱ ግን ጣውላው ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ከጉብታ ላይ ሲዘልሉም ከእግር ይወልቃል። ስለዚህ ወራጁ በአንድ ረጅም ዱላ ላይ ተንተርሶ፣ ዱላውን እንደ ፍሬን እየተጠቀመ፣ በፍርሃት ይወርድ ነበር።

ሌላም ችግር ነበር። ያ ቀዳዳ ጣውላው ከባዱን የሰው ክብደት በሚሸከምበት ቦታ ላይ የተበሳ ነው። እንጨት በተበሳበት ይደክማል፤ ውኃም በዚያው ይገባል። የገባው ውኃ ሲቀዘቅዝ ይሰፋል፤ ሲሰፋ የእንጨቱን ጭረት ይከፍታል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ለመበስበስ ያመቻቸዋል። የአገሩ ሰዎች መከላከያቸው ከጥድ ግንድና ሥር በእሳት የሚወጣው ዝፍት ነበር። ዝፍቱን አሙቀው የጣውላውን ሆድ ይቀቡታል፤ እንጨቱም ይጠጣዋል። በዚያው በቴሌማርክ የሚገኘው የሄዳል የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዝናብና በረዶ ተቋቁሞ የቆመው በየዘመኑ ዝፍት እየተቀባ ነው።

የአኻያው ማሠሪያ

ሶንድሬ የጣቱን ጠፍር አልጣለውም፤ ጨመረበት። በወንዝ ዳር የሚበቅለውን የአኻያ ቅርንጫፍና የበርች ዛፍን ቀጭን ሥር አርሶና ጠምዝዞ ገመድ አደረገው። ገመዱን ከጣቱ ማሠሪያ አስነሥቶ በጫማው ተረከዝ ዙሪያ አዞረው። የተጠማዘዘ አኻያ እንደ ብረት ግትር አይደለም፤ እንደ ክር አይላላም። ሲጎተት በመጠኑ ይለጠጣል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ተረከዙ ለመራመድ ከጣውላው ላይ ከፍ ማለት ይችላል፤ እግሩ ሲታጠፍ ግን ጣውላው አብሮት ይታጠፋል፤ በአየር ላይም ከእግሩ አይወልቅም።

ጣውላውንም ለወጠው። የሞርጌዳል ስኪ አጠር ያለ፣ ጫፍና ጫፉ ሰፋ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ ሆነ። ወገቡ የጠበበ ጣውላ በጎኑ ሲዘነብል ጠርዙ ቅስት ይሠራል፤ ወራጁም በዚያ ቅስት ላይ ይዞራል። በዚህ መሣሪያ ሶንድሬ ያለ ዱላ ድጋፍ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ወረደ፤ ከገደል አፋፍና ከጣራ ላይ ሳይቀር ዘለለ። አንዱን እግር ወደ ፊት ሰዶ፣ የኋላውን ጉልበት አጥፎ መዞርን አሳመረ፤ ይህ አዟዟር እስከ ዛሬ በክፍለ ሀገሩ ስም ቴሌማርክ ይባላል። ስላሎም የሚለው የውድድር ስምም ከዚያው አካባቢ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን የተዳፋት ዱካ ማለት ነው።

የታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት ተረከዝን የሚይዝ ማሠሪያም ሆነ ወገበ ጠባብ ጣውላ ከሶንድሬ በፊት በአንዳንድ ስፍራዎች ይታወቅ ነበር። የሶንድሬ ድርሻ ሁለቱን አንድ ላይ አስማምቶ፣ በራሱ አካል ፈትኖ፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል በሕዝብ ፊት ማሳየቱ ነው። ማረሻን የፈለሰፈው ማን እንደሆነ ባይታወቅም የማረሻውን ልክ አሳምሮ ለመንደሩ ያስተማረ ሰው ስሙ እንደማይረሳ ሁሉ፣ የሞርጌዳሉ ጭሰኛም የታወሰው በዚህ ነው።

የዋና ከተማው ድል

እ.ኤ.አ. በ1866 በቴሌማርክ ሆይዳልስሞ ላይ የስኪ ዝላይ ውድድር ተካሄደ፤ ሶንድሬም አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1868፣ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክሪስቲያኒያ ከተማ ውድድር እንደሚደረግ ተሰማ። ጊዜው ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከማረፋቸው ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ሶንድሬ ዕድሜው 42 ደርሶ፣ የልጆች አባት ነበር። ከሞርጌዳል እስከ ዋና ከተማው ያለውን ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በስኪው ተጉዞ ደረሰ። ይህ ርቀት ከአምቦ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ጥቂት ብቻ የሚጎድለው ነው።

በከተማው የነበሩት ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ ወጣቶች ሲሆኑ እንደ ልማዱ ዱላቸውን ተደግፈው ይወርዱ ነበር። የቴሌማርኩ ገበሬ ግን ባዶ እጁን ወረደ፤ ዘለለ፤ ሲያርፍም በመጠምዘዝ ቆመ። አንደኛ ሆነ። የከተማው ጋዜጦችም ስለ ገጠሬው ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኪ የገጠር ሰው መሄጃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከተሜ የሚመኘው ጨዋታ ሆነ።

ከሶንድሬ አካባቢ ያደጉት ቶርዩስና ሚኬል ሄመስትቬይት የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1881 በክሪስቲያኒያ የስኪ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ይህም በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ሶንድሬ ራሱ ግን ወደ ሞርጌዳል፣ ወደ ጭሰኝነቱ ተመለሰ። ሽልማቱ የአንድ ወቅት ነበር፤ የባለርስቱ ሥራ ግን በየሳምንቱ የሚጠብቅ ነው። ብልሃቱን የሚጠብቅ ሕግም ሆነ የሚያስከፍልበት መንገድ አልነበረውም። ያየው ሁሉ አኻያ ቆርጦ መጠምዘዝ ይችላል።

ስደት

እ.ኤ.አ. በ1884 ሶንድሬ ኖርሃይም 58 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ብዙ ሰው ለማረፍ በሚያስብበት ዕድሜ እንደገና መጀመሩ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጣችው ሕግ መሠረት መሬቱ ላይ ቤት ሠርቶ 5 ዓመት ላለማ ሰው 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ ትሰጥ ነበር። በቀድሞው የኢትዮጵያ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። ይህ መሬት ቀድሞ የነባር ሕዝቦች ይዞታ የነበረ ቢሆንም፣ ለአውሮፓው ጭሰኛ ግን በአገሩ የማያልመው ሀብት ነበር።

ቤተሰቡ በመጀመሪያ በሚኒሶታ አረፈ፤ ቀጥሎም ዛሬ ሰሜን ዳኮታ በምትባለው ግዛት በማክሄንሪ አውራጃ፣ ቪላርድ በተባለ ስፍራ ሰፈረ። መሬቱ ሰፊና ሜዳ ነው። በረዶ አለ፤ ቁልቁለት ግን የለም። የዓለም ምርጡ ዘላይ መዝለያ በሌለበት አገር እርሻ ያዘ። ቢሆንም ስኪውን አልጣለም፤ ክረምት ከክረምት በቤቱ በር አጠገብ ይቆም እንደነበር ይነገራል። በአካባቢው የሉተራን ምእመናን ማኅበር ሕይወትም ተሳታፊ ነበር።

ሶንድሬ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1897፣ የዓድዋ ድል በተገኘ በዓመቱ፣ በ71 ዓመቱ ሞተ። ዴንቢ በተባለች ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ተቀበረ። ለብዙ ዓመታት በላዩ ስሙን የሚናገር ድንጋይ አልቆመም።

ከአኻያ ወደ ብሎን

የማሠሪያው ታሪክ ግን በባለቤቱ ሞት አልቆመም። ሶንድሬ በዳኮታ ሜዳ በመጨረሻ ዓመታቱ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ ፍሪትስ ሁይትፌልት የተባለ ኖርዌያዊ የጫማውን ጣት በሁለት ጎን የሚይዝ ብረት በጣውላው ቀዳዳ ውስጥ አሳልፎ አቆመ። አኻያው በቆዳ ጠፍርና በማጥበቂያ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ ብሮር ቪት የተባለ ሌላ ኖርዌያዊ የጫማውን አፍንጫ ብቻ በሦስት ሹል ብረቶች የሚይዝ አነስተኛ ማሠሪያ ሠራ። ይህ ከጣውላው በላይ በብሎን የሚታሰር ነበር፤ ጎን ለጎን የሚያሻግረው ትልቁ ቀዳዳም አላስፈለገም።

እንዲህ ሲሆን አንዱ ትልቅ ቀዳዳ በብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተተካ፤ የውኃው ጠላትነት ግን አልቀረም። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የቆርቆሮ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቆርቆሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝናብ የሚገባው ምስማሩ በገባበት ነው። ስለዚህ ከምስማሩ ራስ ሥር ላስቲክ ይደረጋል፤ ያረጀው ቀዳዳም በሬንጅ ይደፈናል። የስኪ ጣውላም ሕጉ ያው ነው። ውጪው በፕላስቲክና በሌላ ጠንካራ ልባስ ቢሸፈንም የብዙዎቹ ልብ እስከ ዛሬ እንጨት ነው። በብሎኑ ቀዳዳ የገባ ውኃ ልቡን ያሳብጠዋል፤ ብረቱን ያዝጋል፤ ሲቀዘቅዝም ይሰነጥቀዋል። አንድ ቀን ወራጁ በፍጥነት ላይ ሳለ ብሎኑ ከነማሠሪያው ተነቅሎ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚሰበረው እንጨቱ ብቻ አይሆንም።

ማሠሪያውን በገዛ እጁ የሚያስር ባለሙያ ዛሬም የሶንድሬን ትዕግሥት ይከተላል። በመጀመሪያ የጣውላውን መሐል መስመር በማስመሪያ ይለያል፤ የማሠሪያውን ልክ በወረቀት ላይ አንሥቶ በጣውላው ላይ ያሳርፋል፤ ጫማውን ሰክቶ ቀጥ ማለቱን ሳያረጋግጥ አይበሳም። ለቁልቁለት ስኪ የተለመደው የቀዳዳ ጥልቀት 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ብረት ለሌለው ጣውላ 3.5፣ በውስጡ የብረት ንጣፍ ላለው 4.1 ሚሊ ሜትር ነው። መሰርሰሪያው ከዚህ አልፎ ሆዱን እንዳይበሳ ብረቱ ላይ መቆሚያ ይደረግለታል። ፍርፋሪው ተጠርጎ ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ኮላ ጠብ ይደረጋል። ብሎኑ በእጅ መፍቻ፣ በእርጋታ፣ እስኪይዝ ብቻ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ቢጠብቅ የእንጨቱን ጥርስ ይበላዋል። ኮላው ብሎኑ ሲገባ ያለሰልሰዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ የውኃውን በር ይዘጋል።

ማሠሪያው ተነሥቶ በሌላ የሚተካ ከሆነ አሮጌው ቀዳዳ ባዶውን አይተውም። ውስጡ ከደረቀ በኋላ በልኩ የተጠረበ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ውታፍ በኮላ ተነክሮ ይገባበታል፤ ትርፉም በቢላ ይስተካከላል። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ራቅ ብሎ ይበሳል፤ ሁለቱ ከተጠጉ በመካከላቸው ያለው እንጨት ይሰበራል። የሞርጌዳል ሰዎች በዝፍት ያደርጉት የነበረውን የዛሬው ሰው በኮላና በውታፍ ያደርገዋል። ዕቃው ተለወጠ እንጂ ጥንቃቄው አልተለወጠም።

የጎጆው እሳት

ኖርዌይ ለሄደው ልጇ ያለባትን ዕዳ የቆጠረችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የክረምት ኦሊምፒክ በኦስሎ ሲዘጋጅ፣ የውድድሩ ችቦ የተለኮሰው ሶንድሬ በተወለደባት የጭሰኛ ጎጆ ምድጃ ላይ ነበር። 94 የስኪ ተጓዦች እየተቀባበሉ 225 ኪሎ ሜትር ያህል አጓጉዘው ኦስሎ አደረሱት። በክረምት ኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያው የችቦ ቅብብል ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ለተካሄደው የስኳው ቫሊ ውድድርም እሳቱ ከሞርጌዳል ተወሰደ። በመጨረሻ በዳኮታ መቃብሩ መታሰቢያ አገኘ፤ በሞርጌዳልና በሰሜን ዳኮታዋ ማይኖት ከተማም ሐውልት ቆሞለታል።

የጭሰኛው ጥበብ ኢትዮጵያዊንም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን በመወከል የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሆነ፤ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ጉዞ ተሳተፈ፤ ከ4 ዓመት በኋላም በካናዳ ቫንኩቨር ተመለሰ። ሮቤል የተወዳደረበት የሜዳ ስኪ ጫማውን ከጣቱ በኩል ይይዛል፤ ተረከዙን ግን ለእርምጃ ነጻ ይተዋል።

ሶንድሬ ኖርሃይም መሬት አልነበረውም፤ የገዛ መሣሪያውንም ከሱቅ የሚሸምትበት ገንዘብ አልነበረውም። የነበሩት የወንዝ ዳር አኻያ፣ ቢላና ስሕተቱን እያየ የማረም ትዕግሥት ናቸው። የተወለደባት ጎጆ ዛሬም በሞርጌዳል ቆማለች። ባለርስቶቹን የሚያስታውስ ሰው እምብዛም ባይኖርም፣ የጭሰኛውን ምድጃ ለማየት ግን ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ።